የዋና ኦዲተርን ሪፖርት እንዴት እንደማነብ

ጋዜጠኝነት የጀመረች የጎረቤቴ ልጅ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀረበውን ሪፖርት አትማ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ቢሊዮን ተበላ ማለት ነው?» አለችኝ። ጡረታ እስክወጣ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል የሠራሁ፣ ኦዲተር በመጣ ቁጥር መልስ ሰጪ ሆኜ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ቡናው እስኪፈላ የነገርኳትን ነው የምጽፍላችሁ።

በመጀመሪያ ቢሊዮኑን ተዉት። ዓይን የሚስበው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ «ተሰብሳቢ ሂሳብ» በሚለው ርዕስ ሥር ያለው ነው። ከካዝና ወጥቶ ያልተወራረደ ገንዘብ ማለት ነው፤ ለሥራ ተቋራጭ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ፣ ሠራተኞች ለመስክ የወሰዱት የውሎ አበል፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት የተላለፈ ገንዘብ ሁሉ እዚያ ይገባል። በራሱ ስርቆት አይደለም። የሚያስጠይቀው ዕድሜው ነው። ስለዚህ ድምሩን አልፋችሁ በቆይታ ጊዜ የተከፋፈለውን ዝርዝር ፈልጉ፤ የአንድ ዓመቱን ለብቻ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየውን ለብቻ ተመልከቱ። ከማን እንደሚሰበሰብ አይታወቅም የሚል ካጋጠማችሁ እዚያ ላይ አስምሩበት።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በራሴ መደርደሪያ ላይ አይቼዋለሁ። አንዲት ኦዲተር ቦክስ ፋይል አወረደች፤ በጀርባው ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ደብዝዟል። ስትከፍተው ውስጡ አንዲት የክፍያ ማዘዣ ብቻ፣ በዛገ ስፒል ተይዛ። ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ መስክ የወጣው ባልደረባችን ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት አልፎታል፣ ስሙ ግን በየዓመቱ መዝገባችን ላይ ሲሻገር ኖሯል። ሰውዬው ደረሰኝ አምጥቶ እኛ ጥለነው ይሁን፣ ጭራሽ ሳያመጣ ቀርቶ ይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሷም የጻፈችው «ማስረጃ ስላልቀረበ ለማረጋገጥ አልተቻለም» ብላ ነው።

ይህች ዐረፍተ ነገር ለስላሳ ትመስላለች፤ እንዳታታልላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ለዋና ኦዲተሩ የሰጠው ሥራ ወጪው በተፈቀደው በጀት መሠረት በአግባቡ መዋሉን መርምሮ ለምክር ቤቱ ማሳወቅ ነው። ሌባ ብሎ መፍረድ የእርሱ ፋንታ አይደለም። ስለዚህ ኦዲተር «አልተቻለም» ሲል ኃይለኛ ቃሉን ተናግሯል።

የኦዲት አስተያየቱም እንዲሁ ነው። አራት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ ነቀፌታ የሌለበት፣ ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር አጥጋቢ የሆነ፣ የጎላ ችግር ያለበት፣ አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለ። ብዙ ሰው ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ይመስለዋል። እኔ የምፈራው አራተኛውን ነው። የጎላ ችግር አለበት የተባለው ቢያንስ ሰነዱ ተገኝቶ ስሕተቱ ታይቷል፤ በአራተኛው ግን ኦዲተሩ የሚመረምረው በቂ ነገር አላገኘም።

የአንድ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ሪፖርት እጃችሁ ከገባ ደግሞ ቀን ቀኑን እዩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ጎማና የጽሕፈት መሣሪያ እንደ ጉድ ይገዛል። የሰኔ ግዢ ሁሉ ጥፋት ነው አልልም፣ እኔም ገዝቻለሁ። ነገር ግን የንብረት ገቢ ማድረጊያው ሞዴል 19 የተቆረጠበት ቀን አቅራቢው ካስረከበበት ቀን ከቀደመ፣ ዕቃው ገና መጋዘን ሳይደርስ በወረቀት ገብቷል ማለት ነው። ያኔ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን «ቶሎ ቁረጥ» ብሎ ያዘዘውን ጭምር ጠይቁ።

የክዋኔ ኦዲቱን አትዝለሉት። ብር ብር ስለማይል ጋዜጠኛ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ሥራው ለታለመለት ዓላማ መዋሉን፣ የተገዛው መሣሪያ ሥራ ላይ መዋሉን የምታገኙት እዚያ ነው።

ከዚያ የአምናውን ሪፖርት አምጡና ከዘንድሮው ጎን ዘርጉት። የዚያው መሥሪያ ቤት ስም በዚያው ግኝት ሥር ከተደገመ ወሬው እርሱ ነው፣ ብሩ ትንሽም ቢሆን። ልጅቷ ይህን ስነግራት ነው ማስታወሻ ደብተሯን ያወጣችው፤ እስከዚያ በጨዋነት እየሰማችኝ ነበር።

በመጨረሻ፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ጠርቶ ሲጠይቅ ተከታተሉ። «የእርምት እርምጃው በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ትሰማላችሁ። ያኔ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ደብዳቤው በስንት ቀን፣ በምን ቁጥር ወጣ? የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ አይዋሽም። እኛም በአንድ ወቅት ለኦዲተሮቹ «ተበዳሪዎቹን በደብዳቤ ጠይቀናል» ብለን መልስ ሰጥተናል። ደብዳቤውን የተየብነው ኦዲተሮቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከእኛ ጋር በሚቀመጡበት የመውጫ ስብሰባ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ቁጥር የሰጠሁትም እኔ ነበርኩ።