በእንግሊዝ የፍቺ ንብረት ክርክር፦ የጠበቃ ወጪዎን ለፍርድ ቤት የሚያሳውቁት እንዴት ነው?

አገር ቤት ክርክር የረታ ወገን ወጪና ኪሳራ እንዲከፈለው ዝርዝር ያቀርባል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከፍቺ በኋላ ንብረትና ገንዘብ ለመካፈል ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ይህን ልማድ ይዞ ከገባ ገና ከመነሻው ይሳሳታል። እዚያ የሚሞላው ፎርም ኤች «ይህን ይክፈሉኝ» የሚል ሂሳብ አይደለም። ዳኛው ሀብቱን ከማካፈሉ በፊት ስንቱ ለጠበቃ እንደሄደና ስንቱ ገና እንደሚሄድ አይቶ እንዲወስን የሚቀርብ መግለጫ ነው። በ2010 የወጣው የቤተሰብ ሥነ ሥርዓት ደንብ ክፍል 28 እንደሚለው፣ በመርህ ደረጃ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ራሱ ይችላል። ሌላው ወገን እንዲከፍል የሚታዘዘው በክርክሩ ላይ ባሳየው ጠባይ ነው፤ ሰነድ ከደበቀ፣ ትእዛዝ ካላከበረ ወይም በግልጽና በቅንነት አልደራደርም ካለ።

ሁለት ዓይነት መግለጫ አለ። ከመጨረሻው ችሎት በፊት ላሉት ቀጠሮዎች ሁሉ ፎርም ኤች ይገባል፤ ለመጨረሻው ችሎት ደግሞ ዝርዝሩ የበዛው ፎርም ኤች1። ደንብ 9.27 ፎርም ኤች ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ለፍርድ ቤቱም ለሌላው ወገንም እንዲደርስ ያዛል። አንድ ቀን ሲባል ያስገቡበት ቀንም ቀጠሮው የሚውልበት ቀንም አይቆጠሩም። ቅዳሜ፣ እሑድና የባንክ በዓልም ከቁጥር ውጭ ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮዎ ረቡዕ ከሆነ ሰኞ ያስገቡ፤ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ። ሰው የሚሳሳተው የሰኞው ቀጠሮ ላይ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተላከ ፎርም ዘግይቷል።

እስካሁን ያወጡትን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሲቀርቡ እስከ ኤፍዲአር ድረስ፣ ለኤፍዲአር ሲቀርቡ ደግሞ እስከ መጨረሻው ችሎት ድረስ፣ ስምምነት ካልተገኘ ገና የሚያወጡትን ገምተው ያስገባሉ። (ኤፍዲአር ዳኛው ጉዳዩ ቢፈረድ ወዴት እንደሚያደላ ለሁለቱም ነግሮ እንዲስማሙ የሚረዳበት ቀጠሮ ነው።) ከፎርሙ ሁሉ ዋነኛው ቁጥር ይህ ግምት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በመካከላችሁ ያለው ልዩነት 15,000 ፓውንድ ሆኖ እስከ መጨረሻው ችሎት የሁለታችሁ ተጨማሪ ወጪ 40,000 ከሆነ፣ የምትጣሉበትን ገንዘብ ክርክሩ ራሱ እየበላው ነው። ስለዚህ ጠበቃዎ ግምቱን ዝቅ አድርጎ እንዳያልፈው በየምዕራፉ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጠይቁት። ጠበቃ ያለው ሰው መግለጫ ከደንበኛው ጋር እንደተነጋገሩበት ማረጋገጥ አለበት፤ ሳያዩት ከተላከ ግዴታው አልተፈጸመም።

ወደ አሞላሉ እንግባ። የሶሊሲተር (ጉዳዩን ከመነሻው ይዞ የሚያዘጋጀው ጠበቃ) ክፍያ፣ የባሪስተር (ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ጠበቃ) ክፍያና ልዩ ልዩ ወጪዎች ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ቫት የሚከፈልበት ሁሉ 20 በመቶው ተጨምሮ ነው የሚጻፈው። ለምሳሌ ሶሊሲተርዎ በሰዓት 220 ፓውንድ እያስከፈለ 12 ሰዓት ከሠራ 2,640 ይሆናል፤ ከነቫቱ 3,168። ባሪስተሩ 1,200 ከጠየቀ ከነቫቱ 1,440። የቤት ግምትና ትርጉም 480 ቢደርስ ጠቅላላው 5,088 ፓውንድ ነው። ከዚህ 2,000 ከከፈሉ ያልተከፈለው 3,088 ይሆናል። ቤቱን ሁለታችሁ በጋራ የመረጣችሁት ባለሙያ ገምቶ ክፍያውን እኩል ከተካፈላችሁት የራስዎን ግማሽ ብቻ ይጻፉ፤ ሁለታችሁም ሙሉውን ካስገባችሁ ወጪው እጥፍ ይመስላል። ኢንቮይስ ያልወጣለት ሥራም፣ ያ ቀጠሮ ራሱ የሚያስወጣው ክፍያም ይካተታል። ከቀድሞ ጠበቃ ጋር የቀረ ሂሳብ ካለ እሱም አይረሳ።

የልጆች ክርክር ወጪ እዚህ አይገባም። የፍቺው ማመልከቻ ወጪም እንዲሁ። መግለጫው የሚያሳየው የንብረትና የገንዘብ ክርክሩን ወጪ ነው፤ ጠበቃዎ ሁሉንም በአንድ ኢንቮይስ ካስከፈለዎት እንዲለያይልዎ ይጠይቁ። ለልጆቹ ክርክር ያልከፈሉት ካለ ቦታው ሀብትና ዕዳ የሚዘረዘርበት ሌላው መግለጫ ነው። ጠበቃ የሌለው ሰው ደግሞ ፎርሙ የማይመለከተው ይመስለዋል። ይመለከተዋል፤ የፍርድ ቤት ክፍያ፣ የባለሙያ ድርሻና የትርጉም ዋጋ ጽፎ ያስገባል።

አገር ቤት ቤት ወይም ቦታ ላላቸው ተጨማሪ ወጪ አለ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ማስተርጎም፣ አዲስ አበባ ላይ ቤቱን ማስገመት፣ ለወኪል ውክልና መስጠት ሁሉ ገንዘብ ይፈጃል። ለክርክሩ እስከሆነ ድረስ ከልዩ ልዩ ወጪዎች ጋር ይጻፋል። በብር የከፈሉትን በብርም በፓውንድም ያስቀምጡ፤ የምንዛሪውን ቀንና ልኩንም ይጥቀሱ። ደረሰኝ ከሌለ ገንዘቡ የተላከበትን ሰነድ ያያይዙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ላይ ደረስን፤ ገንዘቡ ከየት መጣ? ለጠበቃ ከባንክ ሂሳብዎ ከከፈሉ ቀሪው ሂሳብ ቀድሞውኑ ቀንሷል። ያንኑ ክፍያ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ዕዳ ብለው ደግመው ከጻፉት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ የሌላው ወገን ጠበቃም ይህን አያልፈውም። ዕዳ የሚሆነው ያልተከፈለው ሂሳብና ለመክፈል የተበደሩት ነው። በክሬዲት ካርድ ከከፈሉ ዕዳው በካርዱ በኩል ይታያልና ከጠበቃው ዕዳ ውስጥ ያውጡት። ከወንድም ወይም ከአክስት የተገኘ ገንዘብ ጥያቄ ይበዛበታል፤ ዳኛው የቤተሰብ ብድርን «የሚመለስ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይመረምራል። ገንዘቡ የገባበትን ቀን የሚያሳይ የባንክ ሰነድና ያኔ የተጻፈ ውል ካለ ይረዳል። ክርክሩ ከተጀመረ ወዲያ ወደ ኋላ ቀን ተጽፎ የሚቀርብ ወረቀት ግን ብድሩን ብቻ ሳይሆን የእርስዎን ታማኝነት ይዞ ይወድቃል። ዕቁብ ወጥቶልዎ ለጠበቃ ከፍለው ከሆነ፣ ገና የሚጥሉት ቀሪ መዋጮ ዕዳ ነው። ዳኛው ዕቁብ ምን እንደሆነ ላያውቅ ስለሚችል የአባላቱን ቁጥር፣ መዋጮውን፣ የወጣልዎትን ቀንና የሚቀረውን ዙር በአንድ ገጽ አስረድተው ከዕቁቡ መዝገብ ቅጂ ያያይዙ።

ፎርም ኤች1 ከመጨረሻው ችሎት ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ይገባል። በ30ኛው ቀን ችሎት ያለው ሰው እስከ 15ኛው ያስገባ ማለት ነው። እዚህ ወጪው በየምዕራፉ ተከፋፍሎ ይቀርባል፣ እስከ ችሎቱ ፍጻሜ የሚጠበቀውም ይጨመራል። ቀደም ሲል ያስገቧቸውን ፎርም ኤችዎች ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ። በኤፍዲአር 18,000 ብለው አሁን እስከዚያው ቀን የወጣው 14,000 ነው ካሉ፣ ምክንያቱን ሳይጠየቁ ይጻፉ።

በኤፍዲአር ካልተስማማችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ በ21 ቀን ውስጥ እያንዳንዳችሁ ግልጽ (በምስጢር ያልተያዘ፣ ዳኛው ሊያየው የሚችል) የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብ አለባችሁ። ሐሳቡን ሲያዘጋጁ ፎርሙን ከፊትዎ ያድርጉ፤ ያልተከፈለ የጠበቃ ሂሳብ ካለ ቤት ተሽጦ ለመካፈል የሚተርፈውን ሊያሳንሰው ይችላል። ኋላ ላይ ወጪ ይከፈለኝ ቢሉም ዳኛው የሚያየው እነዚህን ግልጽ ሐሳቦች ነው። በምስጢር የቀረበ ቅናሽ በወጪ ክርክር ላይ አይጠቀስም።

ፎርሙን ያላስገባ ሰው ክርክሩ አይዘጋበትም፤ አለማስገባቱ ግን በትእዛዙ መንደርደሪያ ላይ ይጻፋል፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ጊዜ ካልሰጠ በቀርም በ3 ቀን ውስጥ እንዲያስገባ ይታዘዛል። የወጪ ጥያቄ ሲነሳ ያ ጽሑፍ መልሶ ይነበብበታል። ላስገባ ሰው ደግሞ ድምሩ በዚያው መንደርደሪያ ይሰፍራል። የፎርሙን ቅጂ ይዘው ይግቡ፤ የትእዛዙ ረቂቅ ሲደርስዎ የተጻፈውን ቁጥር ከቅጂዎ ጋር ያስተያዩ፤ ከተለየም በትእዛዙ ላይ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ከማረፉ በፊት እንዲታረም ይጠይቁ።