የስፓይናል ሰልጣኞች መዝገብ እውነቱን ሳይናገር ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በየካ አባዶ በኩል፣ በሌሊት አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋት ወላድ ስፓይናል (በጀርባ በኩል በመርፌ ተሰጥቶ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ ማደንዘዣ) የሚሰጠው ባለሙያ ብቻውን ተረኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስልጠናው ወቅት ሙከራዎቹ የሚሰፍሩበትና ብቁነቱን የሚመሰክረው መዝገብ ሊታመን ይገባል።

ምልክት፦ በመዝገቡ ላይ ያለው ሙከራ ሁሉ የተሳካ ነው።
መንስኤው ስኬት ምን እንደሆነ አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው። ሰልጣኙ ደጋግሞ ወግቶ ሲያቅተው አስተማሪው መርፌውን ይረከባል፤ ማደንዘዣው ይይዛል፤ የሚሰፍረው ግን የሰልጣኙ ስም ብቻ ነው። ልምምዱ ሳይጀመር መስፈርቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ ቆዳው ከሁለት ጊዜ በላይ ሳይወጋ፣ ያለ ሌላ ሰው እጅ፣ ወደ ሙሉ ሰመመንም ሳይቀየር ቀዶ ሕክምናው ከተጠናቀቀ ተሳክቷል ይባል። ያልተሳካ ሙከራ የሚያስቀጣ ከሆነ ደግሞ መደበቁ አይቀርምና መዝገቡ ለቅጣት እንዳይውል አጥብቄ እመክራለሁ።

ምልክት፦ የተወሰነውን ቁጥር ያሟላ ሰልጣኝ አሁንም እገዛ ይሻል።
መንስኤው ብዛትን እንደ ችሎታ መቁጠር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሌላ የሰመመን ክህሎት፣ ማለትም ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ቱቦ በማስገባት 90 በመቶ ስኬት ላይ ለመድረስ በአማካይ 57 ሙከራ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል፤ አማካይ ግን የዘገየውንም የፈጠነውንም ሰልጣኝ ይሸፍናል። መፍትሄው የስታቲስቲክስ ባለሙያው ፔጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካ ምርት ቁጥጥር ያቀረበው ኩሰም የተባለው የድምር መስመር ነው። ተቀባይነት ያለው የስህተት መጠን 10 በመቶ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ስኬት ከድምሩ 0.1 ይቀነሳል፣ ለእያንዳንዱ ውድቀት 0.9 ይደመራል፤ አንዱን ውድቀት ለማካካስ ዘጠኝ ስኬት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሙከራዎቹ አንድም ሳይዘለል በቅደም ተከተል ከተመዘገቡ፣ ሽቅብ ይወጣ የነበረው መስመር ሲረጋና ቁልቁል ሲያዘነብል ሰልጣኙ ከተፈለገው ደረጃ መድረሱ ይታያል። ለዚህም ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ምልክት፦ ረግቶ የነበረው መስመር እንደገና ይወጣል።
ችሎታው ቀነሰ ከማለት በፊት ሦስት ነገሮች ይመርመሩ፦ እምነት ስለተጣለበት ከባድ ታካሚዎች ተሰጥተውት እንደሆነ፣ የመርፌው ዓይነት ወይም ውፍረት ተቀይሮ እንደሆነ፣ በሌላ ክፍል ምደባ ምክንያት ልምምዱ ተቋርጦ እንደሆነ። እነዚህ ከሙከራው ጎን በዚያው መደዳ ላይ ይጻፉ። ከተቋረጠ ልምምድ የተመለሰ ሰልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች አስተማሪ አጠገቡ ቆሞ ይሥራ፤ መስመሩም ካቆመበት ይቀጥል እንጂ ከዜሮ አይጀመር።