ስትርኮፒን ስትነቅሉ የሚመጣው ጣጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ገመዱንና የኃይል አቅርቦቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ስታዲየም አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል የወረፋ ሰሌዳና የደረሰኝ ማተሚያ እጠግናለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ሳይሆን ማሽኑን የሚያሠራው፣ በሲ (C) ቋንቋ የተጻፈው ኮድ ላይ ነው፤ በተለይ ጽሑፍ ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላ የሚገለብጡት እንደ ስትርኮፒ (strcpy) ያሉ ፈንክሽኖች ላይ።

ምልክት፦ ረጅም ስም ሲገባ ማሽኑ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል።
ስትርኮፒ ነው። ተቀባዩ በፈር (ጽሑፉ የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ) ስንት ባይት እንደሚይዝ አይጠይቅም፤ የጽሑፉን መጨረሻ የሚያሳየውን መዝጊያ ዜሮ እስኪያገኝ ይገለብጣል። ትርፉ ስታክ (የፈንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ፈስሶ ፈንክሽኑ ሲጨርስ የሚመለስበትን አድራሻ ይደፈጥጣል። በኤስኤንፕሪንትኤፍ (snprintf) ተኩት፣ የበፈሩን ልክ ስጡት። ስሙን ራሱን ፎርማት አድርጋችሁ እንዳታስገቡ ብቻ፤ ፎርማቱ "%s" ይሁን፣ ስሙ ከእሱ ቀጥሎ ይግባ። ጌትስን (gets፣ ልክ ሳይጠይቅ መስመር የሚያነበውን) ካገኛችሁ ደግሞ ሳትከራከሩ አጥፉት። እ.ኤ.አ. በ1988 በኢንተርኔት ላይ ራሱን እያባዛ የተሰራጨው የሞሪስ ዎርም አንዱ መግቢያ እሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2011ዱ የሲ ስታንዳርድም ከቋንቋው አስወጥቶታል።

ምልክት፦ ስሙና የወረፋ ቁጥሩ ተጣብቀው ይወጣሉ።
የሰለቸኝ ይሄኛው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ሰሌዳው ሁለት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራ። ከዚያ ገብረእግዚአብሔር የሚባሉ አዛውንት መጡ። ሰሌዳው «ገብረእግ» ብሎ፣ አንድ የተሰበረ ምልክት ጨምሮ፣ 0147ን ለጠፈበት። ልጅቷ «አባባ፣ ሲስተሙ ስምዎን እምቢ አለ» አለቻቸው። እምቢ ያለው ሲስተሙ አይደለም። ከእኔ በፊት የነካው ሰው ስትርኮፒን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ስትርኤንኮፒ (strncpy፣ ከተሰጠው ልክ በላይ የማይገለብጠው) ቀይሮ፣ «ሴፍ ሆኗል» ብሎ ሄዷል። የኮምፓይለሩንም (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ዋርኒንግ አፍኖታል!

ስሌቱ ይኸውና። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ) 3 ባይት ይበላል። የእሳቸው ስም 10 ፊደል፣ 30 ባይት ነው። በፈሩ 16 ባይት ብቻ። ስትርኤንኮፒ 5 ፊደልና የስድስተኛውን አንድ ባይት አስገብቶ ሞላ። ሲሞላ መዝጊያ ዜሮ አያስቀምጥም። ጽሑፉን ሰሌዳው ላይ የሚያወጣው ኮድ ዜሮ ፍለጋ ሜሞሪው ላይ ቀጥሎ ያለው ፊልድ ውስጥ ገባ፤ እዚያ ያለው ደግሞ ቁጥሩ ነው። «አበበ» ብቻ ጽፎ የፈተነ ሰው ይህን በፍጹም አያየውም፤ 9 ባይት ነዋ።

መፍትሔው ስትርኤልኮፒ (strlcpy) ወይም ኤስኤንፕሪንትኤፍ ነው፤ ሁለቱም መጨረሻውን ይዘጋሉ። የሚመልሱትን ቁጥር ግን ተመልከቱ። ከበፈሩ ልክ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ጽሑፉ ተቆርጧል። ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ፊደል መሃል ላይ እንዳይሆን፦ ከመነሻው ጽሑፍ ያልገባውን የመጀመሪያ ባይት እዩ። ከ128 እስከ 191 ከሆነ መሃል ላይ ናችሁ፤ ከዚያ ክልል እስክትወጡ ወደ ኋላ ሂዱ፣ እዚያ ዜሮ አስቀምጡ። በፈሩን ማስፋት ይሻላል። ግን ስሙንና ቁጥሩን አንድ ላይ የያዘው ስትራክት በሽቦ ወደ ሌላ ካርድ የሚላክ ከሆነ አንዱ ካርድ ላይ ብቻ አታስፉ። የሁለቱንም ካርዶች ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የተጫነውን ፕሮግራም) በአንድ ቀን ቀይሩ። አንዱን ቀይሬ ምሳ ወጥቼ አውቃለሁ፤ ስመለስ ሰሌዳው ላይ ቁጥር የሚባል አልነበረም።

ሁሉንም ስትርኤንኮፒ ግን አትንቀሉ። ልኩ የተወሰነ፣ ትርፉ በዜሮ የሚሞላ ፊልድ ካለ ቦታው እዚያ ነው።

ምልክት፦ «አበበ» ተጽፎ «አ» ብቻ ይወጣል።
ፈንክሽን ውስጥ ሳይዝኦፍ (sizeof፣ ልክ የሚነግረው) የለካው በፈሩን ሳይሆን ፖይንተሩን፣ ማለትም የበፈሩን አድራሻ የያዘውን ነው። በ32 ቢት ፕሮሰሰር 4 ይላል፤ ለዜሮው 1 ሲቀነስ 3 ባይት፣ አንድ ፊደል። የበፈሩን ልክ ለፈንክሽኑ እንደ ተጨማሪ ፓራሜትር አስተላልፉ።

ምልክት፦ ስትርኤልኮፒ ራሱ ይወድቃል።
ከሲሪያል ፖርት (ዳታ በሽቦ የሚገባበት በር) የመጣው ዳታ መዝጊያ ዜሮ የለውም። ስትርኤልኮፒ ርዝመቱን ለመመለስ መነሻውን እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ኤስኤንፕሪንትኤፍም ያው ነው። የደረሱትን ባይቶች ቆጥራችሁ፣ ለዜሮው አንድ ባይት ተርፎ በፈሩ ውስጥ እንደሚገቡ አረጋግጣችሁ በሜምኮፒ (memcpy) ውሰዱ፤ ዜሮውን በእጃችሁ ጨምሩ። የምትጽፉት ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ከሆነ ስትርኤስኮፒ (strscpy) አለላችሁ።

ምልክት፦ ሊንከሩ (የኮዱን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ስትርኤልኮፒን አላገኘሁም ይላል።
ጂሊብሲ (glibc፣ ብዙ ሊኑክሶች የሚጠቀሙበት የሲ ላይብረሪ) ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ቅጂ 2.38 ነው። የእናንተ አሮጌ ነው።