ሰኞ ሰኞ የሚያፈሰው መስመር

የሙቅ ውሃው መስመር ሰኞ ሰኞ ማፍሰስ ለመደ። ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው፤ ውሃው በ85 ዲግሪ ነው የሚሄደው። ቡሎን አጠበቅን፣ ጋስኬት (የቱቦ መገጣጠሚያ መድፈኛ) ቀየርን። በሳምንቱ ያው ነው።

ሦስተኛውን ጋስኬት ሳወጣው እጄ ላይ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰባበረ። ጥቁር የናይትሪል ጎማ ነው። 85 ዲግሪ ደግሞ ናይትሪልን በሳምንት እንዲህ አያደርገውም።

«ጋሼ፣ እዚህ መስመር ውስጥ ከውሃ ሌላ ምን ይገባል?» ብዬ ነባሩን ኦፕሬተር ጠየቅኳቸው።

«ቅዳሜ ማታ በእንፋሎት እናጥበዋለን እኮ!» አሉኝ።

ነገሩ እዚያው ተፈታ። እንፋሎቱ በጌጅ (በግፊት መለኪያው ንባብ) 3 ባር ነው፤ ይህ ማለት ወደ 144 ዲግሪ ነው። መስመሩ እንዲችል ዲዛይኑ ላይ የተጻፈው ሙቀት ግን 95 ነበር። የየዕለቱ ሥራ ላይ 10 ዲግሪ ጨምረው ትተውታል። ማጠቢያው፣ ማስነሻው፣ ማቀዝቀዣው የሚቆምበት ሰዓትም መቆጠር ነበረበት። በዓመት አንዴም ቢሆን ያን ሙቀት ጋስኬቱ ያገኘዋል።

ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ በ4 ባር ይከፍታል፤ እሱ 152 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የዲዛይን ሙቀቱን 160 አደረግኩት። ጋስኬቶቹን በተጠናከረ ቴፍሎን ቀየርኩ። ፍላንጆቹንም (ቱቦዎቹ በቡሎን የሚጋጠሙባቸውን ጠርዞች) ሳላጣራ አላለፍኩም፤ ሙቀት ሲጨምር የሚችሉት ግፊት ይቀንሳልና። ክላስ 150 የሚባለው የግፊት ደረጃ ያለው የካርቦን ብረት ፍላንጅ በ38 ዲግሪ 19.6 ባር ይችላል፣ በ200 ዲግሪ 13.8 ባር። ለእኛ ይበቃል። የቱቦውን መለጠጥም አሰላሁ፤ በ10 ሜትር 16 ሚሊሜትር ገደማ ስለመጣ፣ ጥርቅም ብሎ የታሰረውን አንድ ድጋፍ አላላሁ።

ሰኞ ጠዋት ወለሉ ደረቅ ነበር።