የግቢ ጓንት ለምን ቶሎ ያልቃል? ከተቀደደበት ቦታ ተነስቶ መፍትሄ መፈለግ

የግቢ ጓንት በወሩ ሲቀደድ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለአምራቹ ይሰጣል። አንዳንዴ እውነትም የአምራቹ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጓንት የሚያልቀው ላልተሠራበት ሥራ ስለዋለ ነው። አጥር በመከርከም፣ አፈር በመቆፈርና ሲሚንቶ በማቡካት መካከል ልዩነት ሳያደርጉ አንድ "ጠንካራ" ጓንት የሚፈልጉ ሰዎች ሁልጊዜ ይከስራሉ። አሮጌውን ከመጣልዎ በፊት ገልብጠው ይዩት። የተበላሸበት ቦታ ቀጥሎ ምን መግዛት እንዳለብዎ ይጠቁማል።

የጣቱ ጫፍ ተበስቶ ሌላው ደህና ከሆነ

ከሁሉ የተለመደው ይህ ነው፤ አመልካች ጣትና አውራ ጣት ቀድመው ይሄዳሉ። ጓንቱን አጥልቀው ጫፉን በሌላው እጅዎ ቆንጠጥ ያድርጉት። ከጣትዎ ያለፈ ትርፍ ጨርቅ ካለ የተበሳው እሱ እየታጠፈ ሲፋተግ ነው፤ የሚያስፈልግዎ አንድ ቁጥር ያነሰ ጓንት ነው። ትርፍ ከሌለ ስፌቱን ይመልከቱ። ስፌቱ በጣቱ ጫፍ ወይም በመዳፍ በኩል የሚያልፍ ከሆነ አካፋና ዶማ በተያዘ ቁጥር የሚታሸው ክሩ ነው። የመሃል ጣቶች ስፌት ወደ ጀርባ የዞረ፣ መዳፉና የጣቶቹ ጫፍ ላይ ድርብ ቆዳ ያለው ይፈልጉ።

ጨርቁም ስፌቱም ደህና ሆኖ ጫፉ ብቻ ካለቀ ጣትዎን እንደ መኮትኮቻ እየተጠቀሙበት ነው ማለት ነው። የደረቀ ዋልካ አፈርና ቀይ አሽ የትኛውንም ጓንት እንደ ሞረድ ይበላሉ፤ ትንሽ የእጅ መኮትኮቻ ከጓንት ይረክሳል።

ከውጭ የሚገቡ ብዙ ጓንቶች ጀርባቸው ላይ የመዶሻ ምልክትና ከሥሩ ተከታታይ ቁጥሮች አሏቸው፤ የአውሮፓው የኢኤን 388 መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የፍትጊያ ጥንካሬን ያሳያል፣ ከ1 እስከ 4። ልዩነቱ የሚመስለውን ያህል ትንሽ አይደለም፦ 2 ማለት 500 ዙር ፍትጊያ የቻለ፣ 4 ማለት 8000 ዙር የቻለ ነው። ለድንጋይ፣ ለኮብልስቶንና ለቁፋሮ ከ3 በታች አይግዙ።

ነጩን የጥጥ ሹራብ ጓንት የሚጠቀሙ ከሆነ ግራና ቀኝ ስለሌለው በየጊዜው እጅ ያቀያይሩት። ጎማ የተነከረበት ከሆነ ግን በአንድ ወገን ብቻ ስለተነከረ መገልበጡ አይሠራም።

እሾህ ዘልቆ እጅን ከወጋ

ቡገንቪሊያ፣ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቀጋ፣ አጋም፦ የግቢያችን አጥር ግማሹ እሾህ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው "ስለት የማይቆርጠው" ተብሎ የሚሸጠውን ጓንት ሲገዛ ነው። ያ ጓንት የተሠራው የቢላ ስለትን ለመቋቋም ነው፣ ያንንም በደንብ ያደርጋል። እሾህ ግን አይቆርጥም፤ በሹራቡ ክሮች መካከል ክፍተት ፈልጎ ክሩን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ክሩ ብረት የተቀላቀለበት ቢሆንም ቀዳዳው ቀዳዳ ነው።

የኢኤን 388 አራተኛው ቁጥር የመወጋት ጥንካሬ ነው። ከፍ ያለው ይሻላል፤ ሆኖም መፈተሻው ብረት ከሎሚ እሾህ የወፈረና ጫፉ ደነዝ ያለ ስለሆነ 4 የተጻፈበትም ቢሆን በቀጭን እሾህ ሊበሳ ይችላል። በቁጥሩ ብቻ አይተማመኑ፤ ይልቅ በሙሉ ቆዳ ይተማመኑ። ቆዳ የተጣመሩ ክሮች የሉትም፤ ቃጫዎቹ በየአቅጣጫው የተጠላለፉ ስለሆኑ እሾሁ የሚገባበት ቀጥተኛ መንገድ አያገኝም።

ለአጥር ከርካሚ ምርጫዬ የብየዳ ጓንት ነው። ብየዳ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል፣ ወፍራም ነው፣ እስከ ክንድ አጋማሽ ይደርሳል። ቡገንቪሊያ የሚቧጭረው ክንድን ነውና ርዝመቱ ከውፍረቱ እኩል ይጠቅማል። ጉድለቱ ጣት ማጠፍ ማስቸገሩ ነው፤ ቅርንጫፍ ለመሳብና ለመሸከም እንጂ በአትክልት መቀስ ጽጌረዳ አንድ በአንድ ለመቁረጥ አይመችም። ለዚያ ሥራ የፍየል ቆዳ ይሻላል፦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፣ ጣትም ያሠራል።

የአገራችን የደጋ በግ ቆዳስ? በስስነቱና በጥንካሬው በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም ያተረፈ ነው፣ የልብስና የጎልፍ ጓንት ይሠራበታል። በዚያ ኩራት ይሰማን፤ ግን ለእሾህ ስስ ነው።

የተወጋን ቦታ በሳሙና ይጠቡ፣ ተሰብሮ የቀረ ካለ ያውጡ። የቴታነስ ክትባትዎ የቆየ ከሆነ ወይም ቦታው እያበጠ ከሄደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አፈር የነካው እሾህ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም።

መዳፍ ውሃ ከቋጠረ

ጓንት አድርገው እጅዎ ውሃ ከቋጠረ ጓንቱ ውስጥ እጅዎ እየተንሸራተተ ነው። ልክዎን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ፤ አውራ ጣትን ትተው መዳፍዎን በጣቶቹ መነሻ አንጓዎች ዙሪያ ይለኩ። 17.8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁጥርዎ 7፣ 20.3 ከሆነ 8፣ 22.9 ከሆነ 9፣ 25.4 ከሆነ 10 ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል ከዋሉ ለሹራብ ትንሹን፣ ለወፍራም ቆዳ ትልቁን ይውሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ቤት ጓንቱን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፣ የሚያጠልቀው ግን አትክልተኛው ወይም ዘበኛው ነው። ገዢው በራሱ እጅ ለክቶ ያመጣል፤ ሠራተኛው ሳይመቸው ሲቀር አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከዚያም "ጓንት ቢገዛለትም አያደርግም" ይባላል። የሚሠራበትን ሰው እጅ ለክተው ይግዙ፣ ወይም ገንዘቡን ሰጥተው ራሱ መርጦ እንዲገዛ ያድርጉ።

ልኩ ትክክል ሆኖም ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ጓንቱን ገልብጠው ስፌቱን ይዳስሱ። ወፍራም ስፌት መዳፍ ላይ ካለፈ አካፋ ሲይዙ የሚቆረቁርዎት እሱ ነው።

ቆዳው ደርቆ እንደ ቅርፊት ከሆነ

እርጥብ የቆዳ ጓንት ምድጃ አጠገብ ወይም የጋለ ቆርቆሮ ላይ ከተሰጣ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ቀጥሎም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አንዴ ከተኮማተረ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው አጥልቀው ጣቶችዎን እያጠፉ ያፍታቱት። ቀለም የሌለው የቆዳ ቅባት በስሱ ቢቀቡት ይለሰልሳል። በክረምት በየቀኑ በጭቃ የሚሠሩ ከሆነ ግን ቆዳን መታገሉን ይተዉት፤ መዳፉ ናይትሪል (ሰው ሠራሽ ጎማ) የተነከረ የሹራብ ጓንት ታጥቦ ይደርሳል።

ቆዳው ደህና ሆኖ ስፌቱ ብቻ እየተበተነ ከሆነ ክሩ ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ ጥጥ እርጥበት ላይ ይበሰብሳል። ከተበተነው ትንሽ ቆርጠው በክብሪት ይሞክሩት፦ ጥጥ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ይቀልጥና ይንጠባጠባል። ጫማ ሰፊ በናይለን ክር ቢደግምልዎ ጓንቱ ሌላ ዕድሜ ያገኛል።

ከቁልቋል፣ ከቅንጭብ ወይም ከሳማ በኋላ ቆዳ የሚያቃጥል ከሆነ

የቅንጭብና የቁልቋል ነጭ ወተት ጥጥ ውስጥ ሰርጎ ከእጅ ጋር ይውላል፤ ያኔ ጓንቱ ከባዶ እጅ ይብሳል። የቆዳ ጓንትም ይመጠዋል። ለእነዚህ ሙሉ በሙሉ የተነከረ፣ እጀታው ረጅም የናይትሪል ወይም የጎማ ጓንት ያስፈልጋል። መዳፉ ብቻ የተነከረው ለሳማም አይሆንም፤ ጀርባው ሹራብ ነው፣ የሳማውን ፀጉር አይመልስም።

ሥራው ሲያልቅ ጓንቱ እጅዎ ላይ እንዳለ በሳሙና ይታጠቡት፣ ከዚያ ያውልቁ። በሥራ መሃል ላብ ለመጥረግ ጓንቱን ወደ ፊት አያስጠጉ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ወዲያው ማጠብና ሕክምና መሄድ ነው፤ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ለመርጨትም ይኸው ዓይነት ጓንት ነው የሚሆነው፣ ውስጡ የጨርቅ ገበር የሌለው። የመርጫውን ጓንት ለሌላ ሥራ አይጠቀሙበት።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግቢዎች አጥር ሥር የሚበቅለው ፖይዝን አይቪ የተባለ ገላን የሚያሳክክ ሐረግ ዘይቱ ጓንት ላይ ይቆያል። ቆዳ ጓንት ይህን ዘይት ከጠጣ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ሊታጠብ ወይም ሊጣል የሚችል ያድርጉ።

መዳፉ ላይ ያለው ጎማ ከተላጠ ወይም ከተጣበቀ

ቤንዚን ወይም ዘይት ነክቶታል። ላቴክስ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ በቤንዚንና በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለም ይሰነጠቃል። የሣር ማጨጃ ማሽን የሚነካኩ ከሆነ ናይትሪል ይግዙ። ላቴክስ የሚበልጥበት ቦታም አለ፦ ድንጋይና ብሎኬት ሲያነሱ አይንሸራተትም። ማሳከክ ወይም ሽፍታ ካመጣብዎ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወደ ናይትሪል ይቀይሩ።

ማሽኑ ላይ ሣር ከተወተፈ ደግሞ ጓንት መፍትሄ አይደለም። ሞተሩን ያጥፉ፣ የሻማውን (የካንዴላውን) ሽቦ ይንቀሉ፣ ከዚያ በእንጨት ይጎርጉሩ። የሚሽከረከር ነገር ጋ ወፍራም ጓንት ተይዞ እጅን ይዞ ይገባል።

ሲሚንቶ ከነካው

እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፣ ማለትም ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ቆዳ ጓንትን ያደርቃል፣ ውስጥ ከገባም እጅን ያቃጥላል። የግቢ ንጣፍ ሲጠግኑ የጎማ ጓንት ያድርጉ፣ ውስጡ ከገባ ወዲያው አውልቀው እጅዎን ይታጠቡ።

ሱቅ ውስጥ

ለአንድ ግቢ ሁለት ጥንድ ይበቃል፦ ለእሾህና ለእንጨት ረጅም ቆዳ፣ ለአፈርና ለእርጥብ ሥራ ናይትሪል። ወተት ያለው ተክል ካለ ወይም መርጨት ካለ ሦስተኛ ይጨመራል። ከመክፈልዎ በፊት አጥልቀው ጠበቅ አድርገው ይጨብጡ፤ መዳፉ ላይ ከተጠቀለለ ሰፊ ነው፣ አውራ ጣትን ከሳበ ጠባብ ነው። ቆዳውን አጥፈው ይዩት፤ እጥፉ ላይ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ሻካራው የውስጥ ቆዳ ላይ ቀለም ተቀብቶ ለስላሳ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አንዱን ብቻ አውጥቶ ካሳየዎት ሌላኛውንም ይጠይቁት፤ ግራና ቀኙ ቁጥሩ የተለያየ ጥንድ ገበያ ላይ አይጠፋም።