ከመርዶ እስከ ሙት ዓመት፦ የሐዘን ልብስ አዘገጃጀት በጎንደር

መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የሚለወጠው የነጠላ አለባበስ ነው፤ ጥቁሩ ልብስ በኋላ ይደርሳል። በደህና ቀን የነጠላ ጥለት ወደ ታች ይወርዳል። ለለቅሶ ይዘቀዘቃል፦ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞርና ጫፎቹ ትከሻ ላይ ይደረባሉ። ጥለቱ ከአንገት ስር ከታየ ትክክል ነው። ለቅዳሴ የሚደረገው መስቀለኛ ከዚህ የተለየ ስለሆነ እንዳይምታታ። ደማቅና ሰፊ ጥለት ሲዘቀዘቅ ፊት ላይ ይጮኻል፤ ቀጭን ጥቁር ጥለት ያለው አንድ ነጠላ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ለድንገት ይደርሳል።

ድሮ ባሏ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ተላጭታ ማቅ ትለብስ ነበር፤ ማቅ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ሸካራ ልብስ ነው። ፊት መንጨትም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ታወግዘዋለች። ዛሬ የማቁን ቦታ ጥቁር ቀሚስ፣ የመላጨቱን ቦታ ደግሞ በአብዛኛው ጥቁር ሻሽ ይዞታል።

ጥቁር ለማግኘት የግድ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ለቀብርና ለተዝካር ወጪ ለተጨነቀች ሴት ያላትን ማስነከር ይሻላል። ለጥምቀት የተሰፋውን ነጭ ቀሚስ ግን አትንኩት፤ አንዴ ከጠቆረ ወደ ነጭነቱ አይመለስም።

ከመንከር በፊት የጨርቁን ዓይነት እወቁ። ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር እንክብል ከሠራ ፖሊስተር ስለሆነ ተራው የጥጥ ቀለም አይዘውም። ቀሚሱ ጥጥ ሆኖ የተሰፋበት ክር ፖሊስተር የሆነበትም ብዙ ነው። ያን ጊዜ ጨርቁ ይጠቁርና ስፌቱ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ከላዩ በጥቁር ክር ደግሞ መስፋት ነው። የጥለቱን ክርም ለብቻው አቃጥላችሁ ፈትሹ።

ለ1 ኪሎ ደረቅ ጨርቅ 20 ሊትር ያህል ውኃና 200 ግራም ጨው ይበቃል። የቀለሙ መጠን ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው አይነስ፤ ጥቁር ከሌላው ቀለም ሁሉ ብዙ ይጠጣል፣ ሲያንስ ግራጫ ይወጣል። ጨርቁን በትኩስ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ቅባትና ስታርች ካለበት ይዥጎረጎራል። ከዚያ እርጥቡን ሳይጨመቅ፣ ቀለሙ በደንብ በሟሟበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ድስቱ ሰፊ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይዋል። 15 ደቂቃ ካማሰላችሁ በኋላ የጨዉን ግማሽ በውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ከሌላ 15 ደቂቃ በኋላ ቀሪውን። ጨው ቀለሙን ወደ ክሩ ይገፋዋል፤ በአንድ ጊዜ ከተደፋ ግን አንዱ ቦታ ቶሎ ይጠጣና ጠቃጠቆ ይሆናል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ፓኬቱ 45 ደቂቃ ካለ አንድ ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ ቆይቶ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ኮምጣጤ ለሱፍ እንጂ ለጥጥ አይረዳም።

ከዚያ ውኃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁ፤ ገልብጣችሁም ጥላ ላይ አስጡ። ሳይጠራ የተለበሰ ቀሚስ አንገትን ያጠቁራል፣ ከላይ የተደረበውንም ነጠላ ያበላሻል። ፀሐይ ጥቁሩን ወደ ቡናማ ስለሚመልሰው መንፈቅ ላይ እንደገና መንከር ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀኑ ከዕረፍቱ ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል፦ ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ለባል ጥቁሩ ብዙ ጊዜ እስከ ሙት ዓመት ይዘልቃል፤ ለሌላ ዘመድ አርባ ላይ የሚያወልቅም አለ። ወንዶች ብዙ ጊዜ ጺማቸውን ያሳድጋሉ። ሕጉ ደግሞ ስለ ልብስ አይናገርም፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን እንድትቆይ ነው የሚሉት።

አዲስ ዓለም ሰፈር ለሙስሊም ጎረቤት ለቅሶ ስትሄዱ ጥቁር ልብስ ስጦታ ይዛችሁ አትሂዱ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ዒዳዋ፣ ማለትም እንደገና ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ከጌጥና ከሽቶ ትርቃለች እንጂ ጥቁር የመልበስ ግዴታ የለባትም።

በአውሮፓ ባል የሞተባት ሴት ከጥቁር ወደ ግራጫና ወደ ፈዛዛ ሐምራዊ በየደረጃው ትሸጋገር ነበር፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ባሏ ከሞተበት ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1901 እስክትሞት ጥቁሩን አላወለቀችም። በእኛ ዘንድ መሸጋገሪያ ቀለም የለም፦ ዘመድ ነጭ ልብስ ገዝቶ ይመጣና ጥቁሩን ያስወልቃታል። ልኳን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ በሐዘን ዓመት ሰው ይከሳል፣ በድሮው ልክ የተሰፋ ቀሚስ ሰፊ ይሆንባታል። የነጠላው ጥለትም እንደገና ወደ ታች ይመለሳል። የወለቀው ጥቁር በአመድና በሳሙና ታጥቦ ለሥራ ልብስ ይሆናል፤ ከነጭ ጋር ግን አይዘፍዘፍ።