ሮም በሐምሌ ሐሩር፦ ለጡረተኛ ባልና ሚስት የአንድ ቀን ጉብኝት መመሪያ

ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ክረምት በመሆናቸው ከአዲስ አበባ ወደ ሮም የሚጓዝ ሽማግሌ ሹራብ ደርቦና ዣንጥላ አንጠልጥሎ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ሲደርስ የሚቀበለው ግን አንዳንድ ቀን ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ሙቀት ነው። ሹራቡ ሻንጣ ውስጥ ይቅር፤ ዣንጥላው ለፀሐይ ያገለግላልና ከእጅ አይለይ። እኔና ባለቤቴ እዚያ የምትኖረውን ልጃችንን ልንጠይቅ ሄደን በቆየንባቸው ሳምንታት የተረዳነው፣ በዚህ ወቅት ከተማዋን ማየት የሚፈልጉ ባልና ሚስት ቀኑን ለሁለት ከፍለው ጠዋትና ማታ መውጣት፣ መካከሉን ደግሞ ያለ ጸጸት ለእንቅልፍ መተው እንዳለባቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በሰዓት አቆጣጠር ይስማሙ። ቲኬት ላይ 9፡00 ተብሎ የታተመው በእኛ የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህንንማ ማን ያጣዋል ይሉ ይሆናል፤ እኛም እናውቅ ነበር። ነገር ግን ልጃችን የገዛችልንን የኮሎሲየም ቲኬት ወደ ማስታወሻዬ ስገለብጥ «9 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ ባለቤቴም ጽሑፌን አምና፣ ምሳ በልተን ተረጋግተን ወጣን። በሩ ላይ የደረስነው ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት፣ ድንጋዩ እሳት በሚተፋበት ጊዜ ነበር። ቲኬቱ ተቃጥሏል፤ እኛም ልንከተለው ትንሽ ነበር የቀረን። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀጠሮ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉት።

ከመጓዝዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የሚወስድ የደም ግፊት ታማሚ በሙቀት ቶሎ ሰውነቱ ይደርቃል፤ መጠኑ ይስተካከል ወይም አይስተካከል የሚወስነው ግን ሐኪሙ እንጂ ታማሚው አይደለም። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ምን ያህል ውሃ እንደተፈቀደለት አስቀድሞ ይጠይቅ። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ በሚይዝ ቦርሳ ይያዝ። ጫማን በተመለከተ ከተማይቱ በአብዛኛው የተነጠፈችው አናቱ ጎበጥ ባለ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነና እግር የለመደው ጫማ ይመረጣል፤ አዲስ ጫማ ለሠርግ ይቆይ።

ነጠላ መያዝ እንዳይረሳ። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ስለማይገባ ለዚያ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ግን ጥቅሙ ሌላ ነው። ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ በውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ማጅራቷ ላይ ታደርገው ነበር፤ ሲደርቅ እንደገና ትነክረዋለች። ውሃው ደግሞ አይቸግርም። ሮም ውስጥ ከ2,000 የሚበልጡ የመንገድ ዳር ቦኖዎች አሉ፤ አንገታቸው እንደ አፍንጫ ስለጎበጠ «ናሶኒ»፣ ማለትም አፍንጫሞች፣ ይሏቸዋል። ውሃቸው ቀን ከሌት ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በነጻ ይጠጣል። የሚወርድበትን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራልና ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ይቻላል፤ ወገብ ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ኖን ፖታቢሌ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ግን አይጠጡ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ በመሆኑም ሐኪም ካልከለከለ ጠማኝ እስኪሉ ሳይጠብቁ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት ይውጡ። ትሬቪ ፏፏቴን ሕዝቡ ሳይሞላው ይዩና፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደው በ3 ሰዓት የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረው ፓንቴዮን በር ላይ ይገኙ። መግቢያው 5 ዩሮ ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ግድግዳው እጅግ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ከደጁ ይቀዘቅዛል፤ ጣሪያው መካከል ባለው ክፍት ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን እንደ ትልቅ ምጣድ ክብ ሆኖ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ ቁጭ ብሎ መመልከት ነው። ከዚያ ወደ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ይለፉ። እዚያ ጉልላት የሚመስለው ነገር ጉልላት አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ዘመን አንድሪያ ፖዞ በጠፍጣፋ ሸራ ላይ የሣለው ሥዕል ነው። የጣሪያውን ሥዕል አንጋጠው ማየት ለሚቸግራቸው መስታወት ተቀምጧል። የስፔን ደረጃዎች ላይ ለማረፍ አያስቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ተከልክሏል፣ ቅጣቱም እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል።

ቡና ሲያምርዎ ባንኮኒው ጋ ቆመው ከጠጡ ዋጋው ይቀንሳል፤ ጉልበትዎ ግን ከዩሮው ይበልጣልና ተቀምጠው ይጠጡ። እዚያ ማኪያቶ የሚባለው ወተት ጠብ የተደረገበት አንድ ጉንጭ ቡና ነው፤ የአዲስ አበባውን የሚመስል ከፈለጉ ካፑቺኖ ይዘዙ። ወሩ ነሐሴ ሆኖ ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነ ፒሳ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ፓስታ በቲማቲም ሲያዙም «ሴንሳ ፎርማጆ»፣ ማለትም ያለ አይብ፣ ይበሉ። በዚያ ሐሩር እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ ስለ መቆየት ግን ከነፍስ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቤት ይግቡ፣ መጋረጃ ይዝጉ፣ ይተኙ። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጊዜ ስለሚዘጉ የሚቀርብዎ ነገር ጥቂት ነው። ማደሪያዎ ከሩቅ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ወደሆነችውና ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደማትርቀው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ይሂዱ። በትውፊቱ መሠረት ቦታዋ የተመረጠው በነሐሴ ሙቀት በረዶ ስለወረደበት ነው፤ በዚያ ሰዓት ታሪኩን የሚሰማ ሰው በረዶውን ይመኘዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮ እ.ኤ.አ. በ2025 የተቀበሩት እዚያ ስለሆነ ሰልፍ ይኖራል፤ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ከሆነ አንዳችሁ ወረፋ ስትይዙ ሌላው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ምሽት 2 ሰዓት ገደማ በምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ይውረዱ። ለእኛ ቀኑ የሚጀምረው እዚህ ነው። የአክሱም ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን ተወስዶ የቆመው ጣቢያው አጠገብ ባለው አደባባይ፣ ዛሬ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ተተክሏል። በዚያ በተቃጠለ ቲኬታችን ቀን ቦታውን በፀሐይ ስንፈልግ ባለቤቴ «ሐውልቱስ አገሩ ገባ፤ እኛ ልንተካው ነው እንዴ?» ብላኛለች። ከዚያ በሳን ግሪጎሪዮ መንገድ ቀጥታ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የሚወስደው ሜዳ መንገድ፣ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ከሩብ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። የኦሎምፒኩ አዘጋጆች ሙቀቱን ለመሸሽ ማራቶኑን ወደ ማምሻው ገፍተውት ነበርና፣ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቅስቱ ሥር የደረሰው ከጨለመ በኋላ ነው። ለዓለም ጠንካራ ሯጮች እንኳ የተፈራችውን ፀሐይ ጡረተኛ ሊደፍራት አይገባም።

በመንገድ ላይ አንዳችሁ ንግግር ቢደነባበርበት፣ ቢደናገር ወይም ሰውነቱ ግሎ ላቡ ቢቆም ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ጥላ አስገብታችሁ በውሃ እያራሳችሁ 112 ደውሉ። ሁሉ ደኅና ከሆነ ግን ቅስቱ አጠገብ ካለው አጥር ጥግ ቆሙ። ባለቤቴ እዚያ አንድ ጫማዋን አውልቃ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ድንጋዩ ገና ይሞቅ ነበርና ወዲያው መልሳ አደረገችው። የኮሎሲየም ሜትሮ ጣቢያ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው።